ከቁስቋም በላይ ያለው አለት

ስንት ዓመቴ እንደነበር በትክክል አላስታውስም፤ እናቴ ተቀብራ ለቀስተኛው ሁሉ የተበተነበት ዕለት ነበር። ዛሬ ከቁስቋም በላይ ቀጥ ብሎ በቆመው አለት ሥር ወጣቶች ፎቶ እየተነሱ ስማቸውን ይጣራሉ፤ አለቱ ድምፃቸውን ሲመልስላቸው ይስቃሉ። ዝናብ የነካው ድንጋይ ሲሸተኝ ያ ቀን መጣብኝ።

ያኔ እዚሁ ቆሜ «እማዬ!» አልኩ። «እማዬ!» አለኝ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። ድንጋይ ፈላጩ ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ መዶሻቸውን አስቀምጠው መጡ።

«የራስህ ድምፅ ነው ልጄ፣ እሷ አይደለችም።»

«ደግሜ ብጣራትስ?»

«እኔም የሞተች ልጄን ጠርቼበታለሁ። ዕለት ዕለት ስፈልጠው አብሬው እየዋልኩ እንኳ አላዘነልኝም። በቃ፣ እንውረድ።»

ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ የኖርንበት ቤት ደጃፍ ስንደርስ እግሬ አልገባም አለ። እስካሁንም ብቻዬን ስገባ ይከብደኛል። ያን ቀን ግን ጋሽ ተሰማ እጄን ይዘው አብረውኝ ገቡ።