ወንድሜ ዋስ የሆነለት ሰው

«የደመወዙ ሲሶ በየወሩ ይቆረጥ ነበር፤ አታውቁም እንዴ?» አለችን ዛሬ ገንዘብ ያዧ።

አናውቅም ነበር። እኔና እናቴ ወደ ትምህርት ቢሮው የሄድነው ከሁለት ወር በፊት ያረፈውን ታላቅ ወንድሜን የመጨረሻ ደመወዝ ልንቀበል ነው። ሮቢት ከተማ መምህር ነበር።

ለካ ጓደኛው ባጃጅ ሲገዛ የብድሩ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ኖሯል። ጓደኛው ክፍያውን ሲያቆም ከወንድሜ ደመወዝ መቁረጥ ጀመሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ!

እኔ ደግሞ ወሩ ሳይጋመስ «ብር አለቀ» ሲለኝ፣ «የመንግሥት ሠራተኛ ተብለህ አንድ ጫማ አቃተህ?» እያልኩ እቀልድበት ነበር። እሱም አብሮኝ ይስቃል።

ጓደኛውን በደንብ እናውቀዋለን። በቀብሩ ቀን ከእኛ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። እናቴ «ተው ልጄ፣ ራስህን ትጎዳለህ» እያለች ታባብለው ነበር። (ሐዘንተኛዋ እሷ ሆና!)

ከቢሮው ስንወጣ ያው ጓደኛው ባጃጁን አጠገባችን አቆመ።

«እማማ፣ ግቡ ላድርሳችሁ። ከእናንተማ አልቀበልም!»

እናቴ ባጃጁን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይህንንም የከፈለው ልጄ ነው» አለችው።

በዚያ በቆቦ ፀሐይ ቤታችን ድረስ በእግራችን ሄድን።

እናንተስ ቤት የሰው ዕዳ በደመወዙ እየከፈለ ዝም ያለ ሰው አለ? እንዴት እንዳወቃችሁ ጻፉልኝ። እኔ ያወቅኩት ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ከሄደ በኋላ ነው።