ብቻውን የማይበላው ባክቴሪያ

ሜቪስ ኦግደን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለባክቴሪያ ምግብ ስትሠራ ኖራለች። እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ መረቁን ታፈላለች፣ የፈረስ ደም ትጨምርበታለች፣ በየሳህኑ ታረጋዋለች። የሕመምተኛው ናሙና እዚያ ላይ ይዘራል፤ የበቀለው ባክቴሪያ ማንነቱ ሲታወቅ መድኃኒቱ ይታዘዛል። ምግብ የሚያማርጠውን ባክቴሪያ የሙያው ሰዎች «ፋስቲዲየስ» ይሉታል። አንዳንዱ ቃሉን እንደ ስድብ ይጠቀምበታል። በሜቪስ ቤት ግን ጥፋቱ የእንግዳው ሳይሆን የወጥ ቤቱ ነው።

ደግሞ ቀበጥ መቀለብ ታውቅበታለች። ባሏ ስታንሊ አተሩ ድንቹን ከነካበት አይቀምስም። ብቻውን ከሆነማ ሳህኑን እንዳለ ይተወዋል፤ አጠገቡ ተቀምጣ መብላት ስትጀምር ነው እጁን የሚዘረጋው።

በ1968 እ.ኤ.አ. ጸደይ የኤድና ሳይክስ ደም መጣ። ኤድና የሱፍ ፋብሪካ ሸማኔ ናት፤ ስድስት ሳምንት ትኩሳት አልለቅ ብሏት ከስታለች። ሐኪሞቹ ልቧን ጠርጥረዋል፤ ባክቴሪያው ካልታወቀ ግን ትክክለኛውን መድኃኒት መምረጥ አልቻሉም። ደሟ ከመረቅ ጋር የገባበት ጠርሙስ ደፍርሷል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ ፍሬዎች አሉበት። ሳህን ላይ ሁለት ጊዜ ተዘራ፤ ሁለቴም ባዶ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ክሮፍት ፎቅ ላይ ባለው ቢሮው ብዕሩን አወጣ።

«በቃ ሜቪስ፣ ‹አልበቀለም› ብዬ ልጻፍና እንገላገል። የሞተ ነገር ነው ያየነው።»

«የሞተ ነገር ጠርሙስ ያደፈርሳል እንዴ ዶክተር? አለ! ምግባችን አልጣመውም እንጂ።»

«ይኸው ጀመረሽ። አንቺ እኮ ያልበቀለውን ሁሉ ፋስቲዲየስ ነው ትያለሽ።»

«ሁሉንም አልልም። በዓይኔ አይቼው እምቢ ያለኝን ብቻ ነው።»

«እሺ፣ እስከ ነገ ጠዋት። ከዚያ ወዲያ እፈርማለሁ።»

ሜቪስ ተናዳ ወደ ምድር ቤቷ ወረደች። ከቀበጦቹ መካከል ሌላ ባክቴሪያ አጠገባቸው ካልበላ የማይበቅሉ እንዳሉ ታውቃለች። የኤድናን ናሙና ሳህኑ ላይ ሙሉ ዘራች፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ፣ ከሰው ቆዳ የማይጠፋ ተራ ባክቴሪያ በአንድ መስመር አሰመረች።

«በሉ እንግዲህ፣ አብራችሁ ብሉ» ብላ ማሞቂያው ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ጥቃቅን ነጠብጣቦች በቅለዋል። ከመስመሩ ራቅ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ዶክተር ክሮፍት ሳህኑን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ ብዙ አየው።

«እንግዳሽ ሰው ካልተቀመጠለት አይበላም ማለት ነው» አለና ያዘጋጀውን ወረቀት ቀደደው። «በይ ንገሪኝ፣ ልጻፍ።» መድኃኒቱ በዚያው ቀን ታዘዘ።

ከሁለት ወር በኋላ ኤድና በገዛ እግሯ ደረጃውን ወርዳ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የአሳማ ሥጋ ፓይ ይዛ መጣች።

«ፋብሪካ አለቃዬ ‹ምንም የለብሽም፣ ሥራ ጠልተሽ ነው› ሲለኝ ከረመ። ባሌም እንደሱ። አለባት ብለሽ የተሟገትሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

ሜቪስ ወንበር ሳበችላት፣ ፓዩን ለሁለት ከፈለችው፣ መጀመሪያ ራሷ ጎረሰች።