በአመድ ላይ የተሰመረው ወንዝ

ወንዛችን ገና ድልድይ ሳይሠራለት፣ እኔም ልጅ ሳለሁ፣ መንገደኛ የሚያሻግሩት ጎረቤታችን አባ ነስሩ ነበሩ። ከቸሃ ወደ ወልቂጤ ገበያ የሚወርድ ሁሉ መልካው ላይ ቆሞ ይጣራል፤ እሳቸው ረጅም ዘንጋቸውን ይዘው ቀድመው ይገባሉ፤ ውሃው ደረታቸውን ከነካ ሰውን ሁሉ ይመልሳሉ። ያኔ ዛሬ ከተማ የምንለው ቦታ ጥቂት ጎጆዎች፣ አንድ ሜዳና አንድ ዋርካ ነበር።

ሲመሽ የሰፈሩ ልጆች የአባ ነስሩን ምድጃ ከብበን እንቀመጣለን። የእርጥብ እንጨቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዙ እየተርገበገበ፣ አባ ነስሩ አመዱን በመዳፋቸው ደልደል ያደርጉና በጭራሮ ሁለት መስመር ያሰምራሉ። አንዱ የምናውቀው ወንዝ ነው። ሌላው፣ በዋርካው ሥር ዞሮ ሜዳውን የሚያቋርጠው፣ በአያታቸው ዘመን ወንዙ ይሄድበት የነበረ ነው። በአንድ ክረምት ሞልቶ መሄጃውን እንደ ቀየረ፣ የማን የማን ቤት እንደ ተወሰደ፣ ማን ዋርካው ላይ ወጥቶ እንደ ተረፈ በየስማቸው ይነግሩናል። «ወንዝ ቤቱን ለቀቀ እንጂ አልሸጠም» ይሉ ነበር።

አንድ ምሽት ለእያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ ፍም ሰጡንና «ቤታችሁን ሥሩ» አሉን። እኔ ዳገት መውጣት ስለማልወድ ፍሜን ሜዳው ላይ አኖርኩ። አባ ነስሩ የውሃ ጣሳቸውን አንሥተው በአሮጌው መስመር ራስ ላይ አዘነበሉት። ውሃው ተንደርድሮ መጣና ፍሜ ችስ ብላ ጠፋች።

«አንተ ልጅ፣ ትራስህ አልረጠበም?»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ክረምት ዝናብ በዘነበ ቁጥር እጄን እየዘረጋሁ የቤታችንን ወለል እዳስስ ነበር።

ድልድዩ ተሠራ፤ አባ ነስሩም አረፉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከተማችን እየሰፋች ስትሄድ ለልጄ ለጌታሁን የሱቅና የመኖሪያ ቦታ ደረሰው። ደስ ብሎት ወስዶ ሲያሳየኝ፣ ፍሜ የጠፋችበት ሜዳ ሆኖ አገኘሁት። ሚስቱ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች።

መሠረቱ እስከ ወገብ ሲቆፈር ድቡልቡል፣ ልስልስ ያለ ድንጋይ ይወጣ ጀመር። አንዱን አንሥቼ አሳየሁት።

«ጌታሁን፣ ይሄ የወንዝ ድንጋይ ነው። ወንዙ እዚህ ነበር።»

«እሰይ አባዬ! ድንጋይ ከመግዛት ተገላገልኩ።»

ግንበኛው ሳቀ።

«አባ ነስሩ እንዳሉት...»

«አባዬ፣ አንተ ደግሞ! ድልድይ ተሠርቶለት ወዴት ይሄዳል? ኮረብታው ላይ ብሠራስ ማን ዳገት ወጥቶ ስኳር ይገዛኛል?»

ገበያው እውነትም እዚያ ነበር። ክርክር ስለማልችል፣ ለግንባታ ከተደፋው አሸዋ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ በአሸዋው ላይ ሁለት መስመር በጣቴ አሰመርኩ፤ ባዶ የክብሪት ቀፎ ሜዳው ላይ አኖርኩና የግንበኛውን የውሃ ጆግ አንሥቼ በአሮጌው መስመር ላይ አፈሰስኩ። ቀፎዋ እየተንገዳገደች ሄደች።

«አባባ፣ ከነቆርቆሮው ወሰዱት እኮ!» አለ ግንበኛው።

አባ ነስሩ ያሉኝን ለጌታሁን ደገምኩለት፤ «ትራስህ አልረጠበም?» አልኩት። እሱ ቀፎዋን በዓይኑ ተከተላት።

ቤቱ እዚያው ተሠራ። ግን መሠረቱ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ከፍ አለ፤ በስተኋላም፣ ገዢ በማይመጣበት በኮረብታው በኩል፣ አንድ በር ወጣለት። ለምን እንደሆነ ልጄ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ወንዙ እስከ ዛሬ አልመጣም። ይህ ግን አያሳርፈኝም፤ ሐምሌ በገባ ቁጥር እየሄድኩ፣ ሳልቀመጥ የኋላውን በር አያለሁ። ባለፈው ክረምት የስኳር ጆንያ ተደግፎበት አገኘሁ። ጆንያ ለማንሣት ደግሞ ወገቤ እንቢ ብሏል። ትንሿ የልጅ ልጄ ሜሮን አየችኝና፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ ጆንያውን በሁለት እጇ ይዛ ትጎትት ጀመር።

«አውቃለሁ አያያ» አለች፤ «ትራሳችን እንዳይረጥብ ነው።»

ይህን እኔ አልነገርኳትም። ወደ ሱቁ ዞሬ ባይ፣ ጌታሁን አንገቱን ደፍቶ ስኳር ይመዝናል።