ስም ያልተጻፈባቸው ፋይሎች

ወልቂጤ ላይ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ባገኘናት የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ እኔና ሸሪኬ በሌዘር ጨረር የምትቆርጥ አንዲት ማሽን ነበረችን። እንጨትና አክሪሊክ የሚሉትን ፕላስቲክ እየቆረጥን፣ ስምና ምርቃት እየቀረጽንበት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ እንሠራለን። ደህና ገበያ የምናገኘው በበዓል ነው፤ አዲስ አበባ የሚነግደው የአገራችን ሰው ቤተሰቡ ዘንድ ባዶ እጁን መግባት አይወድም። እኔ የመስቃን ልጅ ነኝ፣ ሙስሊም። ሸሪኬ የአገና አካባቢ ልጅ ነው፣ ክርስቲያን። ስለዚህ ለመስቀል እሱ አገሩ ሲገባ እኔ ሥራውን እይዛለሁ፤ ለአረፋ እኔ ስገባ እሱ ይይዛል። ሳንነጋገር የኖርንበት ውል ይህ ነበር።

ያን ዓመት አረፋና መስቀል በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋሉ።

ለእኔ ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ ያለ አረፋ አልነበረም። አባቴ በበልጉ ወደ አኼራ ሄዷል። የበኩር ልጅ ነኝና ዘንድሮ በሬውን በእሱ ቦታ ቆሜ የማርደው እኔ ነኝ። እናቴ ደውላ፣ "ከቀረህ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው" አለችኝ። ሸሪኬም ቢሆን ያለፈውን መስቀል ማሽኗ ተበላሽታበት ሼድ ውስጥ ነው የዋለው። እንደዚያም ሆኖ፣ "አንተ ሂድ፣ እኔ እቀራለሁ" አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ ከልቡ እንደሆነ አውቃለሁና።

ሁለታችንም አገራችን የምንገባው ትእዛዙ ከበዓሉ በፊት ካለቀ ብቻ ነበር፤ አሠራራችን ግን ለዚያ የሚሆን አልነበረም። አዲስ ትእዛዝ ሲመጣ የድሮ ደንበኛ ፋይል ከፍተን፣ ስሙን አጥፍተን፣ አዲሱን እንጽፍበታለን። የጣውላው ልክ፣ ፍጥነቱ፣ የጨረሩ ኃይል በየፋይሉ ይለያያል። አንዱን ስናስተካክል ሌላውን እንረሳለን። መብራት ሲሄድማ ሁሉም ከዜሮ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ አንድ ነጋዴ ለአባቱ ያዘዘውን የመስቀል ሰሌዳ ሊወስድ መጣ። ጽሑፉ ቆንጆ ሆኖ ወጥቷል። ሰውየው ዐየው ዐየውና ጣቱን ከላይ ጥጉ ላይ አሳረፈ። ከአረፋ ትእዛዝ የተረፈች ጨረቃ እዚያ ቁጭ ብላለች።

"እኔስ ግድ የለኝም፣ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ነው ያደግኩት" አለ። "አባቴ ግን ቄስ ናቸው።"

የምገባበት ጠፋኝ። ሸሪኬ ሳቁ አላስቆም ብሎት ወደ ጓሮ ወጣ። ደግነቱ ሰውየውም ሳቀ፤ ሌላ እስክንቆርጥለት ታግሶ ይዞ ሄደ።

እሱ እንደወጣ ሸሪኬ ማሽኗን አጥፍቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ስም የሌለባቸው ፋይሎች ሊያዘጋጅ ነው፣ ቴምፕሌት። ለየሰሌዳው ዓይነት አንድ አንድ፦ የሚቆረጠው መስመር በቀይ፣ የሚቀረጸው በጥቁር፣ ፍጥነቱና ኃይሉ አንዴ ተሞክሮ የተሞላ፣ የስሙ ቦታ ባዶ። የአረፋው ለብቻው፣ የመስቀሉ ለብቻው። ጣውላው ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንዲያርፍም ማሽኗ ላይ ጥግ የሚይዝ ቁራጭ እንጨት አሰረ።

"ሰው ወረፋ ይዞ አንተ ባዶ ትስላለህ?" ብዬ ጮህኩበት።

"ተረጋጋ ባክህ" አለኝ፣ ዞሮም ሳያየኝ።

ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩት። በባከነችው ሰዓት ሁሉ የአባቴ ቤት የሚርቀኝ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ፋይሉን ከፈትኩ፣ ስም ጻፍኩ፣ በሌላ ስም ሴቭ አድርጌ ቆረጥኩ። አማረ። ቀጣዩም አማረ። ሸሪኬ ዋናውን ፋይል ቆልፎት ስለነበር እኔ እንኳን ላበላሸው አልቻልኩም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ትእዛዙ ዐይኔ እያየ ሲቀንስ ኩርፊያዬን እንዴት እንደምተወው ግራ ገባኝ፤ በመጨረሻ ለስላሳ ገዝቼ አጠገቡ አስቀመጥኩለት። አንስቶ ጠጣው።

የአረፋ ዋዜማ ጠዋት የመጨረሻው ሰሌዳ ተወሰደ። ሼዱን ቆልፈን አንድ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዳችን ስንሄድ ሌላችን ስንሸኝ ነው የኖርነው። አገና ላይ ሲወርድ፣ "እናትህን ሰላም በልልኝ" አለኝ። ደጋው አረቅጥ ላይ ብርዱ በመስኮት ሲገባ መዝጋት አላሰኘኝም፤ ደረቴ ቅልል ብሎኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ገና አልመሸም። በሬው ግቢው ውስጥ ታስሯል። እናቴ ዕቃዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ እንደ ልማዷ፣ "መቼ ነው የምትመለሰው?" አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ መልሴ ሁልጊዜ "ነገ" ነበር።

"የሚጠብቀኝ ሥራ የለም እማ። እስክትሰለቺኝ እቀመጣለሁ።"

መደቡ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባቴን ቀብረን በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመልሼ ስለነበር፣ አብረን አላለቀስንም ነበር።