ያልወጣው የመኳንንት ተዝካር

ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ያለፈ ዘመን ታሪክና የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ሲያሳይ ልጆቼ ጥለውኝ ይነሣሉ፤ እኔ ግን መነጽሬን ጠራርጌ እጠጋለሁ። ትናንት ወደ ኮሪያ የሚሸኙ ዘማቾችን ሲያሳይ፣ አንድ ጥርሰ ፍንጭት ወጣት ከሰልፉ መካከል ዘወር ብሎ ሳቀ። ወንድሜ መኳንንት ነው።

ይህን ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም ያየሁት በልጅነቴ፣ እዚሁ ጎንደር ነው። የመኳንንት መርዶ ከኮሪያ ከደረሰን ወራት አልፈው ነበር፤ ለተዝካሩም ጠላው ተጠምቋል። ከእናቴ ጋር ከሠርክ ጸሎት ስንመለስ የሲኒማ ማኪና መጥታ፣ አደባባዩ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮ፣ መንገዱ በሰው ተዘግቶ ቆምን። ማሽኑ ይንጣጣል፣ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ይዋኛል፣ ከኋላችን ያሉት ዝቅ በሉ እያሉ ይሰድቡናል። መኳንንት ዘወር አለና ሳቀ። እናቴ «ልጄ አለ! ልጄ አለላችሁ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

አባቴ ይህን ሲሰማ ሮጦ ሄዶ ባለማሽኑን ጠየቀ። ፊልሙ የተነሣው ወታደሮቹ በተሸኙ ዕለት ነው አለው፤ መኳንንት ከመሞቱ በፊት። እርሱ ይህን ሊነግራት ሲመለስ እናቴ ጥቁሩን አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ፣ ጎረቤቱን ሰብስባ የተዝካሩን ጠላ ስትቀዳ ደረሰ።

«ምነው፣ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ይወጣል? ጠጡ እንጂ!» ትላለች።

ሰዉ ሁሉ አባቴን አየ፤ አባቴ መሬት መሬቱን አየ። በመጨረሻ ጎረቤታችን አያ ተገኘ ዋንጫቸውን አንሥተው «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት። እንባቸው ጺማቸው ላይ ሲወርድ ብታይባቸው፣ እሳት ባልነደደበት ቤት ጢሱ አቃጠለኝ ብለው አመካኙ።

አባቴ ባለማሽኑ ያለውን ለእኔ ብቻ ነገረኝ፤ «ተያት፣ ትኑርበት» አለኝ። ሙት ዓመቱ በደረሰ ቁጥር ተደብቆ ፍትሐት ያስደርግና «የት ዋልክ?» ስትለው «ጠዳ ገበያ» ይላታል። ከገበያ ዘወትር ባዶ እጁን በመምጣቱ ስትስቅበት ኖረች።

እናቴ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ «ሲመጣ፣ ዘገየህ ብለሽ እንዳትቆጪው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ!

ትናንት ተራኪው ዘማቾች ብሎ ብቻ አለፈ። «መኳንንት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ ከጓዳ «ማን ነው እሱ?» አለችኝ። አባቴም፣ እናቴም፣ አያ ተገኘም የሉም። እኔም ስሄድ ያ ልጅ ዘወር ብሎ መሳቁን አይተውም፤ በስሙ የሚጠራው ግን አይኖርም።