የሹፌሩ ልብ ለምን አልሮጠም

በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት የሠራችውን ነርስ ባልደረቦቿ «እትዬ ተነሱ» ይሏታል። ደም ያስመለሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ሲመጣ፣ የደም ግፊቱን አንዴ አስተኝታ አንዴ አስነሥታ ካልለካች አታርፍም። «እሷ ዘንድ ሬሳም ይነሣል» ብሎ የቀለደው የላብራቶሪው ሰውዬ ነው። ቀልዱን ወዳዋለች።

ልማዱ የመጣው ሥራ በገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። ደም ያስመለሰ አንድ አስተማሪ ተኝቶ ሲለካ ግፊቱ ደህና ነበርና ክኒን ይዞ ወደ ቤቱ ተላከ። የግቢውን በር ሳያልፍ ወደቀ። ስለ እሱ ብዙ አታወራም።

ቤት ስትገባ ትንሿ ልጇ «እማዬ፣ ዛሬ ስንቱን አስነሣሽ?» ትላታለች።

«ዝም ብለሽ ዕቃውን እጠቢ» ትላለች ጫማዋን እያወለቀች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ከሚስቱ ጋር መጣ። ሃምሳን የተሻገረ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነው። ለወገቡ ሕመም ሁለት ወር ሙሉ ክኒን እንደ ከረሜላ ሲቆረጥም ከርሟል። ትናንት ማታ ሰገራው ጠቆረ፤ ዛሬ ራሱን ያዞረዋል።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፣ ሥራ አይንቅም። ግፊቱ መቶ አሥራ ስምንት፣ የልብ ምቱ ሰባ አራት፣ የደሙ መጠን ደህና።

«የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?»

«ምንም። ብረት ነኝ።»

«ያጠቆረው የበሉት ነገር ይሆናል» አለ ሐኪሙ፤ የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ሊያሰናብተው ብዕሩን አነሣ።

«ዶክተር፣ ሰው እየደማም ቢሆን በላብራቶሪ የሚታየው የደም መጠን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አይወርድም» አለች ነርሷ። «አንዴ ላስነሣቸው።»

«እትዬ፣ ደም የጎደለው ሰው ልቡ ይሮጣል። የሳቸው ሰባ አራት ነው እኮ።»

«ይሮጥ እንደሆነ እንየዋ።»

ሹፌሩ ሚስቱን ተደግፎ ቆመ። ግፊቱ ወደ ዘጠና ወረደ። ከንፈሩ ነጣ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። የልብ ምቱ ግን ሰባ ስድስት ብቻ። ቶሎ አስተኛችው።

መሮጥ ሲገባው የማይሮጥ ልብ የያዘው ነገር አለ። እሷ ደግሞ ሹፌሮችን ታውቃለች። ለመንጃ ፈቃድ የጤና ወረቀት የሚሰጠው ቢሮ እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው። ግፊት አለብኝ ያለን ሹፌር የአውቶቡሶቹ ማኅበር ከመስመር ያወርደዋል። ስለዚህ ክኒኑን ሰው ከማያውቃቸው ሰፈር ይገዛሉ፣ ተደብቀው ይውጣሉ፣ ሲጠየቁ ይምላሉ።

«የግፊት ክኒን ይወስዳሉ» አለችው። ጥያቄ አልነበረም።

«ማ? እኔ?»

«ልብ የሚያዘገየውን። ዛሬ ጠዋትም ወስደዋል።»

«እህቴ፣ ተሳስተሻል።»

ነርሷ ሚስቱን አየች። ሚስትየዋ ባሏን አየች። ባልየው ጣሪያውን።

«እኔ ትራፊክ አይደለሁም። ክኒኑ ልብዎን ስለያዘው ነው ደህና የመሰሉን። የወገቡ ክኒን ሆድዎን አቁስሎት ውስጥ ውስጡን ደም እየፈሰሰ ነው።»

«ፈቃዴ የሚታደሰው በአሥራ አምስት ቀን ነው» አለ በመጨረሻ።

«ሞተህ ልትነዳ ነው? ንገራት እንጂ!» አለች ሚስቱ። «አራት ዓመቱ ነው፣ እህቴ። የምደብቅለት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ቀደደ። በሁለቱም ክንዱ ወፍራም መርፌ ገባ፤ ፈሳሽና የአሲድ መቀነሻ ተሰጠው። ደም እንዲዘጋጅ ላብራቶሪ ተደወለ። የወገቡም የግፊቱም ክኒን ታገደ።

አልጋው ወደ ምርመራ ክፍል ሊገፋ ሲል ሹፌሩ የነርሷን እጅ ያዘ።

«እባክሽ ካርዱ ላይ አትጻፊው። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ፣ ሌላ ሥራ አላውቅም።»

«ማደንዘዣ የሚሰጥዎት ሰው የሚያነበው ካርዱን ነው።»

«በቃል ንገሪው።»

«ተረኛው ሲቀየርስ?»

ነርሷ ሚስቱን ጠይቃ የክኒኑን ስም፣ መጠኑንና የወሰደበትን ሰዓት ጻፈች።

ከቀትር በፊት ካሜራ ያለው ቱቦ በአፉ ገባ። ከጨጓራው በታች፣ አንጀቱ ከሚጀምርበት ቦታ፣ የሚደማ ቁስል ተገኘ፤ የደም ሥሩ በትንሽ መቆንጠጫ ተያዘ።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ልታየው ወደ ተኛበት ክፍል ወጣች። ሾርባ እየጠጣ ነበር። ሚስቱ ብድግ ብላ አቀፈቻት።

«መሪ ትቼ መናኸሪያ ለተሳፋሪ ትኬት እንድቆርጥ ነው የፈረድሽብኝ» አለ ሹፌሩ፤ ትኬት የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ተናገረው።

«ይቆርጣሉ።»

ሳህኑን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነርሷ ካርዱን አነበበች፤ መድማቱ አልተመለሰም። ካርዱን አልጋው ግርጌ ሰቅላ ወጣች።