ኖዝሉ ደህና ነበር

ሐይቅ ዳር፣ ቡሹሎ የሚኖሩ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት በናፍጣ ሞተር ከሐይቁ ውሃ እየሳቡ ጎመን ያለማሉ። ሞተሩ መንገጫገጭ ሲጀምር እኔን አስጠሩኝ። ንዝረት የምትለካ፣ ሳንቲም የምታህል ሴንሰር ነበረችኝ፤ አጠቃቀሟን የተማርኩት ብቻዬን፣ ከቪዲዮ ነው።

ሴንሰሯን የሞተሩ አናት፣ ቴስታታው ላይ አጣብቄ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘኋት። ነዳጁ በተቃጠለ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ በሚሰመረው መስመር አንድ ጉብታ መታየት አለበት። እኔ ሁለት አየሁ፤ አንድ ትልቅና እሱን የሚከተል ትንሽ። ነዳጁን የሚረጨው ኖዝል ስለሚያንጠባጥብ ሁለቴ እየተቀጣጠለ ነው አልኩ። ሌላ ምንም ነገር አልነካሁም።

አዲስ ኖዝል እስኪመጣ ሞተሩ አራት ቀን ቆመ። ሰውየውና ባለቤታቸው በጄሪካን ውሃ ቢያመላልሱም ዳር ዳሩ ያለው ጎመን ደረቀ።

ኖዝሉን ስገጥም፣ ሞተሩን ከመሠረቱ ጋር ከሚይዙት ቡሎኖች አንዱ በጣቴ ዞረ። ትንሹ ጉብታ ሞተሩ እየተነሣ መሠረቱን ሲመታ የሚፈጠር ነበር። ጀርባዬን ለሰውየው ሰጥቼ አጠበቅኩት። አሮጌውን ኖዝል ቤት ወስጄ ስሞክረው ምንም ሳያንጠባጥብ እንደ ጉም ረጨ።

እሑድ፣ በምስክርነት ሰዓት፣ ሰውየው ተነሡ። ሞተሩ እንደ እሳቸው ጉልበቱ የከዳው መስሏቸው እንደነበር ሲናገሩ ሰው ሳቀ። የኖዝሉን ብልሽት ያወቀልኝን ይህን ልጅ ጌታ ላከልኝ ሲሉ ጭብጨባ ሆነ። አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ ያሉ እናት ትሕትናዬን አደነቁ።

ከአምልኮ በኋላ በር ላይ፣ ሞተሩ ያስቸገረውን አንድ ገበሬ ሰውየው ኖዝል እንዲቀይር ሲመክሩት ሰማሁ። ገለል አድርጌ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ኖዝሉ ደህና ነበር። የላላው ቡሎን ነው። ያን ዕለት አይቼዋለሁ።»

ስለ ጎመኑ የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«ስመሰክር እዚያው ተቀምጠህ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«አስዋሸኸኛ።»

በሚቀጥለው እሑድ እኔ ተነሥቼ ላስረዳ አልኩ። ከእሳቸው አፍ የወጣውን የሚመልሱት ራሳቸው እንደሆኑ ነግረውኝ ወደ ገበሬው ተመለሱ።

እሑድ ተነሡ። ስለ ሞተሩ የተናገሩት ልክ እንዳልነበረ፣ ጥፋቱ የቡሎን መላላት ብቻ እንደነበር ተናግረው ተቀመጡ። እኔን አላነሡም። ከኋላዬ አንዱ፣ ለአንድ ቡሎን ነው እንዴ ያስጨበጨቡን ብሎ ሳቀባቸው። ልነሣ የፊቴን ወንበር እንደያዝኩ መዘምራኑ ጀመሩ።

እኔም አብሬ ዘመርኩ።